የሰው ቃል አደራ ነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ትርጉም ክፍላችን ነው። ይህ ክፍል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ ጥገኝነት ጠያቂ ሴቶችን፣ ማለትም እኛ በተለምዶ "አሳይለም" በምንለው መንገድ ላይ ያሉትን፣ ከጠበቆች ጋር ሆኖ ይረዳል። ባለፈው ጉባኤ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ "የራሳችን ልጆች ችግር ላይ እያሉ የሌላ አገር ሰው መርዳቱ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንመልሳለን። ከዚያ ጋር ግን ራሳችን የሠራነውን አንድ ከባድ ስህተትም እንነግራችኋለን። ገንዘቡን የሰጠ ሰው የተሳካውን ብቻ ሳይሆን የተበላሸውንም የማወቅ መብት አለው ብለን እናምናለን።

ሥራው በእቅድ የተጀመረ አይደለም። ከእኛ አንዷ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ ያደገች ስትሆን ትምህርቷንም በፈረንሳይኛ ነው የተማረችው። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አዲስ አበባ ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" የመጣ እንደሆነ፣ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋውንም ይዞ ነው የመጣው። እህታችንም ከዚያ ሐዲድ ዳር የተገኘች ናት።

አንድ ሌሊት በሻይ እረፍት ላይ አብራት የምትሠራ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣች ሴት ከልብሷ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ "ታንቲ፣ ይሄ ምን ይላል?" አለቻት። "ታንቲ" እነሱ ዘንድ እንደኛ "እትዬ" ነው። ወረቀቱ ከኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የተላከ የቀጠሮ ማስታወቂያ ነበር። ቀጠሮው የቀረው ስድስት ቀን ነው። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ስለማታነብ የመብራት ክፍያ መስሏት ሦስት ሳምንት ኪሷ ውስጥ ይዛው ዞራለች። በዚያ ቀን ባትቀርብ ኖሮ ዳኛው እሷ በሌለችበት ከአገር እንድትወጣ ሊወስንባት ይችል ነበር። እህታችን ወረቀቱን አነበበችላት፤ ሁለቱም ያን ሌሊት ሻይ ሳይጠጡ አደሩ። ጠዋት ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ አንድ የነጻ የሕግ አገልግሎት ሄዱ። ቀጠሮውም አላለፈባትም።

ወሬው ከሰው ወደ ሰው ተዳረሰ። ከካሜሩን፣ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከጊኒ፣ ከቶጎ የመጡ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ስብሰባ ክፍላችን መምጣት ጀመሩ። እኛም ፈረንሳይኛ የምንችለውን ቆጠርን፤ ጅቡቲ የኖርን፣ አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማርን፣ ቤልጅግና ስዊዘርላንድ ቆይተን ወደዚህ የመጣን። ስድስት ሆንን። ፈረንሳይኛ የማትችሉት ደግሞ ልጆቻቸውን ያዛችሁ፣ ምሳ አበሰላችሁ፣ በመኪና አመላለሳችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንምጣ። ለምን እነሱን?

የመጀመሪያው መልስ እኛም በዚያው በር ስለገባን ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ኦፊሰር ፊት ተቀምጠን ከአፋችን የወጣው ቃል በእንግሊዝኛ ምን ሆኖ እንደወጣ ሳናውቅ የተመለስነው? አንዷ አባላችን የደረሰባትን ሁላችንም እናውቀዋለን። "ፖሊሶቹ የመጡት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው" አለች። አስተርጓሚው ሦስቱን ሦስት ብሎ አለፈው። በኛ አቆጣጠር ማታ ሦስት ሰዓት በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት ሆነ። በኋላ ምስክሯ ትክክለኛውን ሰዓት ሲጽፍ ሁለቱ ቃሎች አልገጠሙም። ሐምሌን ጁላይ ብቻ ብሎ ያለፈ፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳይመልስ የጻፈ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን የማያውቅ አስተርጓሚ ስንቱን እንዳስለቀሰ ታውቃላችሁ። እኛ ይህን ስለምናውቅ ሌላው ሲቸገር አይተን ማለፍ አልቻልንም።

ሁለተኛው መልስ ሕጉ ራሱ ነው። በአሜሪካ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በአገሩ የተሳደደው ወይም እንሳደዳለሁ ብሎ የሚፈራው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ መሆኑን ማሳየት አለበት። ማመልከቻውን በመጨረሻ ወደ አገሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ለመዘግየቱ ሕጉ የሚቀበለው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በስተቀር። መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም፤ ጠበቃ የመያዝ መብት አለው፤ ክፍያው ግን የራሱ ነው። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ማስረጃ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል። ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ቋንቋውንም ለመተርጎም ችሎታ እንዳለው በጽሑፍ አረጋግጦ ይፈርማል።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሲቀርቡ አስተርጓሚ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው። በጥገኝነት ጽሕፈት ቤት ለሚደረገው ቃለ መጠይቅ ግን እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። በኮሮና ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን አስተርጓሚዎች በስልክ ያቀርብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 ጀምሮ ግን የቀድሞው ደንብ ተመልሷል። አስተርጓሚው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። የአመልካቹ ጠበቃ፣ ለአመልካቹ የሚመሰክር ሰው፣ ወይም የአገሩ መንግሥት ሠራተኛ አስተርጓሚ ሊሆን አይችልም። በአስተርጓሚ እጦት ቀጠሮው ቢሰናከል ጥፋቱ የአመልካቹ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። እንግዲህ ገና የሥራ ፈቃድ ያላገኘች፣ የሰው ቤት ወለል ላይ የምታድር ሴት ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር አቀላጥፎ የሚችል ሰው በምን ገንዘብ ትቀጥራለች? ወይ የማታምነውን ያገሯን ሰው ትለምናለች፤ ወይ ኢንተርኔት ላይ ባገኘችው ወረቀት ጻፍ ነኝ ባይ ትታለላለች፤ ወይ ወደኛ ትመጣለች።

አሁን ስህተታችንን እንናገር።

ይህን ታሪክ የምንነግራችሁ በባለቤቷ ፈቃድ ነው። ስሟንና አገሯን አንጠራም፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውንም ትተነዋል። ወደኛ የመጣችው ሦስት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ጥላ ነው። የመጨረሻው ልጅ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የሴቶች ክፍል አባል ሆና በሰላማዊ ሰልፍ ላይ ተይዛ ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ታስራለች። ስትፈታ ክሊኒክ ሄዳ ታክማለች፤ የሐኪም ወረቀትም አላት። ከመካከላችን አንዷ ተቀምጣ ታሪኳን በፈረንሳይኛ ሰማች፤ በእንግሊዝኛም ጻፈች። ጠበቃ ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነበር፤ የአንድ ዓመቱ ቀን ደግሞ ተቃርቧል። ስለዚህ ማመልከቻው ጠበቃ ሳያየው ገባ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የቀን ነው። ሴትዮዋ የታሰረችበትን ቀን በእጇ 05/08/2021 ብላ ጻፈችልን። በፈረንሳይኛ ቀኑ ይቀድማል፤ ኦገስት 5 ማለት ነው። እኛም ቁጥሩን እንዳለ ገለበጥነው። አሜሪካኖች ግን ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፤ ለእነሱ ሜይ 8 ሆነ። የሐኪሙ ወረቀት ላይ ቀኑ በፊደል "7 ኦገስት" ተብሎ ስለተጻፈ በትክክል ተተረጎመ። ኦፊሰሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ሁለት ቀን ታሰርኩ፣ እንደተፈታሁ ታከምኩ ብለሻል፤ በመካከሉ ሦስቱን ወር የት ነበርሽ?" አላት። ግራ ገብቷት ዝም አለች። ዝምታዋም ተጻፈ።

ሦስተኛው ጥፋት ከሁሉም ይከፋል። ታሪኳን በሰጠችን ዕለት እስር ቤት ውስጥ የተፈጸመባትን ነገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሁለት ቃል ተናግራ ነበር። አድማጯ እህታችን ገብቷታል። ሴት ልጅ በእስር ቤት ወታደር እጅ ስትወድቅ ምን እንደሚሆን የማይገባት ማን አለች? ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ሴትዮዋም ፊቷን አዞረች። እህታችን "ገመናዋን ለምን ላውጣባት" ብላ "በደል ደረሰባት" ብቻ ብላ ጻፈች። ለክብሯ የተቆረቆረች መስሏት ነው። ይሉኝታ ይዟት ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ኦፊሰሩ በቀጥታ ሲጠይቃት ሴትዮዋ እንደምንም ራሷን አጠንክራ እውነቱን በሙሉ ተናገረች። ቀጣዩ ጥያቄ ታዲያ "ይህን የሚያህል ነገር ማመልከቻሽ ላይ ለምን የለም?" የሚል ሆነ። መልስ አልነበራትም። ያልተጻፈ መሆኑን እንኳ አታውቅም፤ በእንግሊዝኛ ነበርና የተጻፈው፣ መልሰንም አላነበብንላትም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግ አለ። አመልካቹ የሚታመን ነው አይደለም የሚለውን ለመወሰን ዳኛው በቃሎች መካከል ያለውን ማንኛውንም አለመግጠም ሊመዝን ይችላል፤ አለመግጠሙ የጉዳዩን ዋና ነገር የሚነካ ባይሆንም እንኳ። ስለዚህ እኛ እንደ ትንሽ ነገር ያየነው የቁጥር ቅደም ተከተል በሷ ላይ ውሸታም የሚል ስም አመጣ። ጽሕፈት ቤቱ ጥገኝነቱን ሳይሰጣት ጉዳዩን ወደ ኢሚግሬሽን ዳኛ አስተላለፈው።

የዚያን ዕለት ማታ እህታችን ስልክ ደውላ ስታለቅስ ሁላችንም አብረናት አለቀስን። ልቅሶ ግን ወረቀት አያስተካክልም። የሕግ አገልግሎት ያገኘንላት ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ያን የጻፈችው ሴት ፈቃደኛ ናት?" የሚል ነበር። እህታችን ፈቃደኛ ሆነች። ስሟን ጽፋ፣ በሐሰት ብትናገር በሕግ እንደምትጠየቅ አውቃ፣ ሦስቱንም ነገር በመሐላ ቃል አስፍራ ፈረመች። ቀኑን ማን እንደገለበጠው፣ ሴትዮዋ ምን እንዳለች፣ እሷ ምን እንዳስቀረች፣ ጽሑፉም ለባለቤቷ በቋንቋዋ እንዳልተነበበ። ይህን መፈረም ቀላል አልነበረም። "በወረቀት ላይ የሰው ነገር ያበላሸሁ ተብዬ ልኑር?" ስትል ነበር። ፈረመች። ፍርድ ቤት ቀርባም መሰከረች።

ዳኛው ማብራሪያውን ተቀበለ። ጥገኝነትም ሰጣት። ከቃለ መጠይቁ እስከ ውሳኔው ግን ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ታናሹ ልጅ በስልክ ስታናግረው "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" ብሎ አያቱን ጠይቋል። ያን ሁለት ዓመት ተኩል የወሰድንባት እኛ ነን። በደግነት የወሰድነው መሆኑ ለልጁ ምንም አይለውጥለትም።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። አስተርጓሚ የሰው ቃል አደራ የተሰጠው ሰው ነው። አደራ አይቀነስም፤ አይጨመርም፤ አይሽሞነሞንም። ልንረዳት ብለን ብናሳምረው ሌላ ሰው አደረግናት፤ ልናዝንላት ብለን ብናስቀረው አፏን ዘጋንባት። ከዚያ በኋላ ያወጣነው ደንብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ማንኛዋም እህት ስትመጣ መጀመሪያ የምንጠይቃት "በየትኛው ቋንቋ ነው ከእናትሽ ጋር የምታወሪው?" ብለን ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የተባለች ሁሉ ፈረንሳይኛ የልቧ ቋንቋ አይደለም። የጊኒዋ ፑላር፣ የኮንጎዋ ሊንጋላ ወይም ስዋሂሊ፣ የቡሩንዲዋ ኪሩንዲ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት የተማረችው ፈረንሳይኛ ገበያ ያወጣታል፤ የደረሰባትን ለማውራት ግን ላይበቃት ይችላል። በዚያን ጊዜ የቋንቋዋን ባለሙያ እንፈልጋለን እንጂ "ይበቃል" አንልም።

ሁለተኛ፣ ስናስተረጉም በእሷ አፍ እንናገራለን። እሷ "ሮጥኩ" ካለች እኛም "ሮጥኩ" እንላለን፤ "ሮጥኩ ትላለች" አንልም። ካለቀሰች እንጠብቃለን። ያልገባንን ቃል "አልገባኝም፣ ልጠይቃት" ብለን እናሳውቃለን፤ ገምተን አናልፍም።

ሦስተኛ፣ ቀን ሁሉ በፊደል ይጻፋል። ወሩ በስሙ ይጠራል። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ከክፍላችን አይወጣም።

አራተኛ፣ የተጻፈው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ለባለቤቷ በቋንቋዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብላታል። ይህን የምታነበው የጻፈችው ሳትሆን ሌላ እህት ናት። ሁለት ዓይን ያላየው ወረቀት አይሄድም።

አምስተኛ፣ ስለ ገላዋ የደረሰባትን የምትናገረው በር በተዘጋበት ክፍል፣ አንዲት አስተርጓሚ ብቻ ባለችበት ነው። መጀመሪያ ይህን እንነግራታለን፦ "የምትናገሪውን እንዳለ እንጽፋለን። መናገር የማትፈልጊውን አለመናገር መብትሽ ነው፤ ነገር ግን ከጠበቃሽ ጋር ተመካከሪበት።" ወስና የተናገረችውን ደግሞ እኛ አንወስንባትም።

ስድስተኛ፣ እኛ ጠበቆች አይደለንም። የትኛው ማመልከቻ ይሻልሻል፣ ምን ብትይ ይበጅሻል ብለን አንመክርም። የሕግ ምክር የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጠው ወኪል ብቻ ነው። ሕጉ፣ ክፍያውና የጊዜ ገደቡ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አምና የነበረውን ዛሬም ይሠራል ብሎ መናገር ሰው ያጠፋል። ከጠበቃ በፊት ወረቀት አናስገባም፤ ጊዜው ከተቃረበ ለጠበቃው ማልደን እንደውላለን።

ስለ ቃላትም ጥቂት ልንላችሁ እንወዳለን፤ የትርጉም ክፍሉ ለምን ሥልጠና እንደሚጠይቅ ይታያችኋልና። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ብዙ የሚመሳሰሉ ቃላት አሏቸው፤ መመሳሰላቸው ነው አደጋው። በፈረንሳይኛ "ሚሊታንት" ማለት የፓርቲ ንቁ አባል ናት፤ ስብሰባ የምትጠራ፣ ወረቀት የምትበትን። በእንግሊዝኛ ያው ቃል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መሣሪያ እንዳነሣ ሰው ነው። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የታጠቀ ቡድንን የረዳ ሰው ጥገኝነት እንዳያገኝ ሊከለክል ይችላል። አንድ ቃል ሳይመረመር ቢያልፍ ሰላማዊዋ ሴት ታጣቂ ሆና ትቀርባለች። "አሲስቴ" በፈረንሳይኛ ስብሰባ ላይ መገኘት ነው፤ በእንግሊዝኛ መርዳት ይመስላል። "ዴማንዴ" መጠየቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን በግድ አምጣ ማለት ይሆናል። "ኮንቮካስዮን" ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ቅረቢ ብሎ የላከው መጥሪያ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተመሳሳዩ ቃል የዩኒቨርሲቲ ምረቃ በዓል ይመስላል። አንድ ጊዜ ከኛው ረቂቅ ላይ ጠበቃዋ አይታ "ፖሊስ ለምን ለምረቃ ጠራት?" ብላ ጠይቃናለች። ስቀን አለፍን፤ ኦፊሰር ፊት ቢሆን ግን አያስቅም ነበር።

የዝምድና ስምም እንዲሁ ነው። "ሞን ፍሬር"፣ ወንድሜ፣ ስትል የአጎቷን ልጅ ልትል ትችላለች። "ፔቲት ማማን"፣ ትንሿ እናቴ፣ የእናቷ ታናሽ እህት ልትሆን ትችላለች። እኛ የአክስታችንን ልጅ ወንድሜ ብለን ያደግን ሰዎች ይህ አይደንቀንም። ቅጹ ግን ወንድምና እህትን በስም ዘርዝሪ ይላል። ዛሬ ወንድሜ ያለችውን ነገ ቅጹ ላይ ካላገኙት ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ "ከአንድ እናትና አባት ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ይህን ለመጠየቅ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ራሱ እንዲህ ያደገ ሰው ነው። ለምን እናንተ ለምትሉን፣ ይህ ሦስተኛው መልሳችን ነው።

አራተኛውን መልስ ታሪክ ይመልስልናል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 ፋውዚያ ካሲንጃ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ከቶጎ ሸሽታ ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ አውሮፕላን ጣቢያ ደረሰች። የሸሸችው ከግርዛትና ያለ ፈቃዷ ከሚደረግ ጋብቻ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ታስራ ቆየች። የመጀመሪያው ዳኛ አላመናትም። ካረን ሙሳሎ የተባሉት የሕግ ባለሙያና ሌሎች ሴቶች ጉዳዩን ይዘው ይግባኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 13 ቀን 1996 የይግባኝ ቦርዱ ጥገኝነት እንዲሰጣት ወሰነ። ያ ውሳኔ ግርዛትን የሚሸሹ ሴቶች ሁሉ የሚጠቅሱት መሠረት ሆነ። ገና የሕግ ተማሪ ሳለች ጉዳዩን የያዘችው ላይሊ ሚለር ደግሞ በ1997 ተሂሪህ የፍትሕ ማዕከልን መሠረተች።

ውሳኔው በሕግ መጻሕፍት ውስጥ የሚጠራው "ካሲንጋ" ተብሎ ነው። ካሲንጃ አይደለም። ስሟን ባለሥልጣናቱ ሲጽፉ ተሳሳቱ፤ ስህተቱም እስከ ዛሬ በሕግ መዝገብ ላይ ቀርቷል። ለመላው ዓለም ሴቶች በር የከፈተች ልጅ የራሷ ስም በትክክል አልተጻፈላትም። ግርዛት ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከመካከላችን በገላዋ የምታውቀው ብዙ ናት። እኛን የጠቀመው ያ ውሳኔ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ቶጎ በመጣች ልጅ የተገኘ ነው። የሌላ አገር ሰው የምንለው ሰው መንገዱን ቀድሞ የጠረገልን ሊሆን ይችላል።

እህቶቻችን፣ ወዳጆቻችን፣ የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም።

ፈረንሳይኛ የምትችሉ አባላት፣ አንድ ሙሉ ሥልጠና ሳትወስዱ አትቀመጡብን፤ ከወሰዳችሁ በኋላ ግን አትጥፉብን። የማትችሉ ደግሞ ልጅ ያዙልን፤ እናት ልጇ ፊት የማትናገረው ነገር አለ። በመኪና አድርሱልን፤ ቀጠሮው ማለዳ ሲሆን አውቶቡስ አይደርስም። ደጋፊዎቻችን፣ ገንዘባችሁን በሦስት ነገር ላይ እናውለዋለን፤ እኛ ለማንችላቸው ቋንቋዎች ሙያተኛ አስተርጓሚ ለመክፈል፣ እኛን ለማሠልጠን፣ እንዲሁም በሩ የሚዘጋ አንድ ትንሽ ክፍል ለመከራየት። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። ያ ክፍል ያን ቅዳሜ ቢኖረን ኖሮ ግን ያቺ እናት ድምፅዋን ዝቅ ባላደረገች፣ እህታችንም ይሉኝታ ባልያዛት ነበር።

በመጨረሻ፣ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከውሳኔው ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ማመልከት ይችላል። ያቺ እናት አመልክታለች። የሦስቱን ልጆች የልደት ወረቀት የተረጎምነው እኛ ነን። ከሦስቱ ሁለቱ በጊዜው ስላልተመዘገቡ ወረቀታቸው ልደታቸውን ዘግይቶ ያረጋገጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ ገጹ ብዙ፣ ማኅተሙም ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈችው ያቺው ስሟን ፈርማ የመሰከረችው እህታችን ናት፤ እናትየዋ ራሷ ናት "እሷ ትሥራልኝ" ያለችው። ቀኖቹን ሁሉ በፊደል ጻፈች። ሌላዋ እህት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላ በፈረንሳይኛ አነበበችላት። የታናሹ ልጅ ስም ላይ ስትደርስ እናትየዋ "ቆይ፣ አንድ ፊደል ጎድሏል" አለች። አየን፤ ጎድሎ ነበር። ጨመርነው፤ ከዚያ ፈረመች።